ባዶ እጁን የማይመለሰው መልእክተኛ

«ማሽኑ ዋሸ አትበይኝ። ማሽኑን አላውቀውም። ቅዳሜ ነው ያልሽኝ አንች ነሽ» አሉኝ አያ ምንይችል፤ ያውም ገና ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ትንፋሼን ሳልሰበስብ።

እኔ መልስ የሚያጥረኝ ሰው አይደለሁም። እናቴ «ይች ልጅ ስትወለድ ቀድሞ የወጣው ምላሷ ነው» ትላለች። ያን ዕለት ግን ጉና ተራራ ግርጌ ላይ፣ ጫማዬ አቧራ ጠጥቶ፣ የጥር ብርድ ጆሮዬን እየላጠው፣ አፌን ከፈትኩና ምንም ሳልናገር መልሼ ዘጋሁት። ሰውየው እውነታቸውን ነበር።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር ውስጥ ያልሞከርኩት ሥራ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቻለሁ፣ ሞባይል ቤት ሠርቻለሁ፣ የባጃጅ ተራ አስከብሬአለሁ። ከሁሉም የወጣሁት በአንድ ምክንያት ነው፦ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፣ የመጣልኝንም እናገራለሁ። በመጨረሻ የቀጠረኝ ኤፍሬም ነው። ኤፍሬም ከሐጂ ሰዒድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ለገበሬ በስልክ መረጃ የሚሰጥ ቢሮ ከፍቶ ነበር። ገበሬው ይደውላል፤ እኔ ጥያቄውን ኮምፒውተሩ ላይ እጽፋለሁ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ኢንተርኔት ውስጥ ገብቶ ገጽ ከፍቶ መልሱን ያመጣል፤ እኔ አነብላቸዋለሁ። የገብስ ዋጋ፣ የዝናብ ትንበያ፣ የዘር ማስታወቂያ። ይህን ነገር ቢሮ ውስጥ «መልእክተኛው» እንለዋለን።

ስለ መልእክተኛው አንድ ነገር ካላወቃችሁ ወሬው አይገባችሁም። የራሱ እጅና እግር የለውም። የሚሠራው በተሰጡት መሣሪያዎች ነው። አንዱ መሣሪያ ገጽ ያመጣል፣ አንዱ ይደምራል፣ አንዱ ቀን ይቆጥራል። መሣሪያዎቹን ግን አይቷቸው አያውቅም። ትናንት ተድራ የሰው ጓዳ እንደገባች ሙሽራ ነው፤ የትኛው እንስራ ጠላ፣ የትኛው ውሃ እንደያዘ የሚያውቀው ሲነግሩት ብቻ ነው። የምንነግረው ደግሞ በየመሣሪያው ላይ በምንጽፍለት አጭር መግለጫ ነው። መሣሪያውን መቼ እንደሚያነሣው፣ ምን እንደሚሰጠው፣ ይዞ የመጣውን ነገር ምን እንደሚያደርገው ከዚያች መግለጫ በቀር ሌላ አስተማሪ የለውም።

ገጽ የሚያመጣውን መሣሪያ መግለጫ የጻፈው ኤፍሬም ራሱ ነው። ኤፍሬም ደግ ሰው ነው፤ ሰው ማሳፈር ግን አይችልበትም። «የለም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሱቅ ገብቶ የፈለገውን ሲያጣ ባለሱቁ እንዳይከፋው የማይፈልገውን ገዝቶ ይወጣል። መግለጫውም እሱኑ ይመስል ነበር፦

«ይህ መሣሪያ የተጠየቀውን ሁሉ ከድረ ገጽ ያመጣል። ትጉህ መልእክተኛ ሁን። የላከህን ሰው አታሳፍር፤ ባዶ እጅህን አትመለስ።»

እንግዳ በመጣ ቁጥር ድምፁን ሞረድ አድርጎ ያነበዋል። ሐጂ ሰዒድ አንድ ቀን ኪራይ ሊጠይቁ ወጥተው ሰሙትና «ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ለሱቄም ባገኘሁ» ብለው ወረዱ። እኔም አልተቃወምኩም። እዚህ አገር ሰው ሲላክ ሌላ ምን ይባላል?

አያ ምንይችል የደወሉት ሰኞ ነው። በሰፈራቸው የሚበላ ድንች ትተው የዘር ድንች ማምረት የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ጎረቤቶቻቸውን «ግድ የለም፣ የዘር ማኅበሩ ይረከበናል» ብለው አንድ በአንድ አግባብተው አስገብተዋቸዋል። የዘር ድንች ደግሞ ካልተረከቡት ጣጣ ነው። አረንጓዴ ሆኖ አቆጥቁጦ ነው የሚጠብቀው፤ ለወጥ አይሆን፣ ገበያ ቢያወጡት የሚያየው የለ። ማኅበሩ የሚረከበው ደብረ ታቦር ካለው መጋዘኑ በር ላይ ነው፤ ያውም በዓመት አንድ ቀን።

«መቼ ነው የሚረከቡን ልጄ?» አሉኝ። ጻፍኩ። መልእክተኛው «ቅዳሜ» አለ። «ቅዳሜ ነው አያ» አልኳቸው። መርቀውኝ ዘጉ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሌላ ገበሬ ደውሎ ያንኑ ጠየቀኝ። ጻፍኩ። መልእክተኛው «ነገ ሐሙስ፣ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት» አለ።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁት። መልእክተኛው የሄደበትን መንገድ ኮምፒውተሩ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ የሰኞውን ከፈትኩ። ሰኞ ዕለት የማኅበሩ ገጽ ተበላሽቶ ነበር። መሣሪያው «ገጹ አልተገኘም» ብሎታል። እሱ ግን በዚያ አልተመለሰም። ሌላ ገጽ ሄዶ፣ የአምናውን ማስታወቂያ አግኝቶ፣ የአምናውን ቅዳሜ ተሸክሞልኝ መጥቷል። አምና የሚል ቃል ሳይተነፍስ።

አያ ምንይችል ጋ ደወልኩ፤ ዝግ። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ። እሳቸው ስልክ የሚያበሩት ኔትወርክ የሚይዝ ጉብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው።

«ኤፍሬም፣ አያ ምንይችልን ጉድ ሠርተናቸዋል» አልኩት። ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ደጋግመሽ ሞክሪ።»

«ዝግ ነው አልኩህ።»

«ምናልባት ከሌላ ሰው ይሰሙ ይሆናል።»

«ከማን? ከበጎቹ?»

«ማታ ያበሩት ይሆናል። እኔ ራሴ ደውዬ በትሕትና አስረዳቸዋለሁ።»

«ምን ልትላቸው? ድንችዎ በትሕትና በስብሷል ልትል?»

«ምላስሽን» አለ።

ጃኬቴን ከምስማሩ አወረድኩ። «እሄዳለሁ።»

«የት?»

«ጉና።»

«ብቻሽን? ስልኩንስ ማን ያነሣል?»

«አንተ» ብዬው ወረድኩ።

በሚኒባስ እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ነፋስ፣ እንደገና የታጨደ የገብስ ማሳ። መንገድ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ በአገጩ እያሳየ «ይችትና፣ እዚችው ናት፣ ጉብታዋን ስታልፊ ነው» ይለኛል። ጉብታዋን ሳልፍ ሌላ ጉብታ ይጠብቀኛል፤ እዚያም ላይ ሌላ ሰው «ይችትና» ይለኛል። «ሩቅ ነው» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። እንዳይደክመኝ ብለው እያዘኑልኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው። ነገ ቀትር ላይ በሩ ሲዘጋ አያ ምንይችልና ጎረቤቶቻቸው ቅዳሜን እየጠበቁ እሳት ዳር ተቀምጠው ይሆናል። እያሰብኩ እሮጣለሁ፣ ጎኔን ሲወጋኝ እራመዳለሁ፣ እንደገና እሮጣለሁ።

ደጃፋቸው ስደርስ ፀሐይ ልትገባ ዘንበል ብላለች። አያ ምንይችል ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ የተከናነቡ ሰው ናቸው። በስልክ ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። ማን እንደሆንኩ፣ ቀኑ ነገ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ «ማሽኑ ነው» ማለት ስጀምር ነው ያን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩላችሁን ያሉኝ።

አፌን መልሼ ስከፍተው እንዲህ አልኩ፦ «እኔ ነኝ። ነገ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደብረ ታቦር መግባት አለባችሁ። እሱን ልናገር ነው የመጣሁት፤ ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም።»

ጋቢያቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ። «ይቅርታም ብትይ አይከፋም ነበር።»

«ይቅርታ።»

«ይሁና። ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ባለቤታቸው የተቀቀለ ድንች ከነትኩሱ አቀረቡልኝ። እጄን ስሰበስብ አይተው «ብይ፣ ይኸ የሚበላው ነው» አሉኝ። ስፍስፍ ብዬ በላሁ። አያ ምንይችል ግን አልተቀመጡም። የሰፈሩ ዘር ድንች በጆንያ ተሞልቶ ጎተራው አጠገብ ባለው ዳስ ተደርድሯል፤ ማውረጃው እንስሳ ነው የጠፋው። ሰፈር ውስጥ ያሉት በቅሎዎች ሁለት ብቻ። ወንድማቸውን ደሴን ጠሩት። ደሴ ጎልማሳ ነው፣ ሳቂታ፣ ለመታዘዝ የፈጠነ።

«ደሴ፣ ላይ ቤት ውጣና በቅሎ ለምንልኝ። ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» አሉት።

ወጣ። ቆየ። በጣም ቆየ። አያ ምንይችል በር ላይ ቆመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፤ እኔ ድንች እልጣለሁ። ብርሃኑ ቀላ፣ ደበዘዘ። መጨረሻ ላይ ደሴ አንዲት አህያ እየጎተተ ብቅ አለ። የአህያይቱ ሆድ ግራና ቀኝ ተወጥሮ ስትራመድ ትወዛወዛለች።

«በቅሎውስ?»

«በቅሎው ወፍጮ ወርዷል።»

«ይችስ?»

«ባዶ እጅህን አትምጣ አልከኝ እኮ።»

«ያረገዘች አህያ ምን ላድርጋት? ድንች ልጫናት ወይስ ላዋልዳት?»

«እንጃ። እነሱም እምቢ ብለው ነበር፤ ስንት ለምኜ ነው የሰጡኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የአያ ምንይችል ባለቤት እንባቸውን በነጠላ እየጠረጉ «ሁለት ሁና መጣችልን፣ ምን ጎደለ» አሉ። አያ ምንይችልም ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቃቸው ተቆረጠና «ደሴ፣ ያኔውኑ ተመልሰህ የለም ብትለኝ እኮ ታች ሰፈርን በጊዜ እጠይቅ ነበር» አሉ።

እኔ አልሳቅሁም። ግማሽ ድንች በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ደሴ የኤፍሬምን መግለጫ አንድ ቃል ሳያጓድል ፈጽሞታል። ሂድ ተባለ፤ የሚፈለገው አልነበረም፤ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ሌላ ነገር ለምኖ መጣ። የአምናው ቅዳሜ ማለት ይህች አህያ ናት። መልእክተኛው አልዋሸም፤ ሰነፍም አይደለም። እኛ ያስተማርነውን ይሉኝታ ነው የፈጸመው። ልዩነቱ ደሴ ያመጣት አህያ ማርገዟ በዓይን ይታያል፤ የእኔው ቅዳሜ ግን ከሌላው ቅዳሜ አይለይም ነበር።

«አያ፣ አሁን እኔ ልላከው?» አልኳቸው።

«ላኪው እስቲ።»

«ደሴ፣ ታች ሰፈር ውረድ። የምትጠይቀው ለነገ ንጋት በቅሎ ወይም ፈረስ ነው። ሌላ ቢሰጡህ አትቀበል። ከሌለ አትለምን፤ የለም ብለህ ወዲያው ና።»

«የጦር አዛዥ ናት እንዴ ይች» እያለ ሮጠ።

ድንቹን ልጬ ሳልጨርስ ተመለሰ። «የለም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «አንድም የለም።» ደግመን ሳቅን። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል «የለም» ሰምቼ አላውቅም፤ ገና ጨርሶ አልጨለመም ነበርና።

አያ ምንይችልና እኔ ኔትወርክ ወደሚይዘው ጉብታ ወጣን። ሐጂ ሰዒድ ጋ ደወልኩ። የሐጂ መኪና በየገበያው ጨርቅ ታደርሳለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን ወደ ሐሙሲት ነው የምትሄደው።

«ሐጂ፣ ነገ ማለዳ መኪናዎን እፈልጋለሁ። ወደ ጉና።»

«ሐሙሲት ገበያ አለብኝ እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ገበያዎ ይዘገያል። እምቢ ካሉኝ አሁኑኑ ይበሉኝ፣ ሌላ እንድፈልግ።»

በስልኩ ሳቃቸው ተሰማኝ። «እንዲህ ተብዬ ተለምኜ አላውቅም። እሺ፣ እስከ የት ትወጣለች መኪናዋ?»

ስልኩን ለአያ ምንይችል ሰጠሁ። አያ ምንይችል እንደ ልማዳችን «ይችትና» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔን አየት አደረጉና «እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ብቻ ነው ሐጂ። ከዚያ በላይ አትወጣም። ከዚያ ወዲህ ያለውን እኛ እንሸከማለን» አሉ።

«እሱን ከነገሩኝማ ትመጣለች» አሉ ሐጂ።

ንጋት ላይ ውርጩ ሜዳውን ጨው የተበተነበት አስመስሎታል። ሁለቱ በቅሎዎች ተመላለሱ፤ የቀረውን ሰው ተሸከመ። ወንዱም ሴቱም ጆንያ ትከሻው ላይ ነው። እኔም ተሸከምኩ፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ ደሴ «ድንቹን አደራ፣ አንችስ ትነሻለሽ» አለኝ። አንድ ጎረቤት «ምንይችል፣ ዛሬ ካልተረከቡን በዚህ ድንች ነው የምንወግርህ» አሉ፤ እንደ ቀልድ ነው ያሉት፣ ግን ማንም አልሳቀም። አያ ምንይችል ቀና ሳይሉ ጆንያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

መኪናዋ ሜዳው ላይ ቆማ ነበር። ጭነን ስንጨርስ ፀሐይዋ ሞቃለች። ጎማዋ ልሙጥ ነው፤ ሾፌሩ ዳገት ባየ ቁጥር ያፏጫል። ክምር ድንጋይን አለፍን። ከዚያ በኋላ የከብት መንጋ መንገዱን ሞልቶ አስቆመን። ደሴ ወርዶ እየጮኸ ከብቶቹን ከፈለ። ደብረ ታቦር ስንገባ ሾፌሩ ሰዓቱን አየና ማፏጨቱን ተወ።

መጋዘኑ ጋ ስንደርስ ዘበኛው አንዱን የበር ክንፍ ዘግቶ ሌላውን እየጎተተ ነው። ደሴ መኪናዋ ሳትቆም ዘሎ ወረደና በመካከል ገብቶ ቆመ።

«ልዘጋ ነው» አለ ዘበኛው።

«ዝጋው። እኔን አጥፈህ ዝጋው።»

ከውስጥ ተረካቢዋ ወጣች። ሰዓቷን አየች፣ እኛን አየች፣ የአያ ምንይችልን ፊት አየች። «ገና ነው፣ ይግቡ» አለች። ከየጆንያው አንዳንድ ድንች እያነሣች በካራ ከፈለች፣ አገላበጠች፣ ጠረኑን አሸተተች። እንደዚያ ቀን ሰው ድንች ሲሰነጥቅ ትኩር ብዬ አይቼ አላውቅም። የመጨረሻውን ካየች በኋላ ካራዋን ጠረገችና «መልካም ዘር ነው፣ አውርዱት» አለች።

አያ ምንይችል ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ ገጣባ የሆነ ትከሻቸውን አሻሹ። ሊወግሯቸው የነበሩት ጎረቤት መጥተው ጆንያውን ከእጃቸው ተቀበሏቸው። አያ ምንይችል እኔ ጋ የመጡት ጭነቱ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው።

«ስሚኝ» አሉ። «ሌላ ጊዜ ካላወቅሽ አላወቅሁም በይኝ። እኔ በአላወቅሁም አልቀየምም። ጉብታው ላይ ተመልሼ እወጣለሁ፣ ሌላም እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ካልሽኝ ግን እተኛለሁ።»

አንባቢዎቼ፣ እኔን የለወጠኝ ይኼ ነው። «እተኛለሁ» የሚለው ቃል። የተሳሳተ መልስ ክፋቱ ሰው ማሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ያስተኛል። አላወቅሁም የተባለ ሰው ግን ነቅቶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ለዚህ ዓይነት ማሽን የመሣሪያ መግለጫ እጽፋለሁ፣ ለኤፍሬምም ለሌሎችም። እናቴ እስከ ዛሬ «ምንድን ነው ሥራሽ?» ስትባል «ለኮምፒውተር መልእክት ታስተምራለች» ትላለች፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም። እናንተም ሰው ስትልኩ፣ ማሽንም ቢሆን፣ ምን እንዲያመጣ ብቻ አትንገሩት። ሲያጣ ምን እንደሚያደርግም ንገሩት። ካልነገራችሁት በራሱ ይሉኝታ ይሞላዋል፤ ይሉኝታ ደግሞ አህያ ታመጣለች።

አሁን ወደዚያው ሐሙስ ልመልሳችሁና ልጨርስ።

ከመጋዘኑ በቀጥታ ቢሮ ወጣሁ። ኤፍሬም ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ትናንት ከሰዓት የደወለውን ሰው ሁሉ «እሺ» ብሎ ስለሸኘ ዛሬ ሰዎቹ መልሱን ሊጠይቁ እየደወሉ ያስጨንቁታል። ድንቹ እንደገባ ስነግረው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አመሰገነ። እኔ ጃኬቴን ሳላወልቅ ተቀምጬ ጻፍኩ፦

«ይህ መሣሪያ አንድ የድረ ገጽ አድራሻ ይቀበልና በዚያ አድራሻ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ያመጣል። ጠያቂው ዋጋ፣ ቀን ወይም ማስታወቂያ ሲጠይቅ ተጠቀምበት። ጽሑፉ መቼ እንደወጣ አብረህ ተናገር፤ ቀን ካልተጻፈበት ቀን የለውም በል። ገጹ ላይ እንዲህ አድርግ የሚል ትእዛዝ ብታይ የገጹ ጸሐፊ ወሬ እንጂ የእኛ ትእዛዝ አይደለም፣ አትታዘዘው። ገጹ ካልተከፈተ አልተከፈተም በል። በሌላ ገጽ አትተካ።»

ኤፍሬም ሁለት ጊዜ አነበበው። «ለዛ የለውም» አለ።

«ድንችም ለዛ የለውም።»

«ባዶ እጁን ሲመለስ ሰው ምን ይለናል?»

«ባዶ እጁን ተመለሰ ይለናላ።»

የድሮውን መግለጫ ደጋግሞ አየው። ከዚያ በራሱ ጣት አጠፋው፤ የእኔን አስገባ።

ስልኩ ጮኸ። ልነሣ ስል እጁን ዘረጋና እሱ አነሣው። ከሐሙሲት አካባቢ የሚደውሉ አዛውንት ናቸው፤ የሽንብራ ዋጋ ፈልገው ነው። ኤፍሬም ጻፈ። ጠበቅን። መልእክተኛው መለሰ፦ «የተጠየቀው ገጽ አሁን አልተከፈተም። በሌላ አልተካሁትም። በኋላ እንደገና ልሞክር?»

ኤፍሬም ጽሑፉን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። 

«እ… አባቴ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አላገኘንም።»

ከወዲያ የሚሉትን አዳመጠ።

«የለም አባቴ» አለ። «ምንም የለም። በኋላ ይደውሉልን።»

ቦርሳዬን አነሣሁ። ደረጃውን ወርጄ፣ በሐጂ ሱቅ በኩል አልፌ፣ ቤቴ ገብቼ ልተኛ ወደ ባጃጅ ተራው ሄድኩ።